ጎመን ለኮሌስትሮልና ለስኳር፦ በአንድ ማንኪያ ዘይት እንዴት ይሠራል?

አባባ ስኳርም ኮሌስትሮልም እንዳለባቸው ሲነገረን ጎመን ማዘውተር ጀመርን። ደብረ ብርሃን ላይ ጎመን ከጓሮ አይጠፋም። ከሦስት ወር በኋላ ሲመረመሩ ግን ኮሌስትሮሉ ጭራሽ ጨምሯል። ጥፋቱ የኔ ነበር። ዘይቱን ከጀሪካኑ በግምት ነበር የማንቆረቁረው። አንድ ቀን በሾርባ ማንኪያ ብለካው ስድስት ሞላ። አንዱ ማንኪያ ብቻ 120 ካሎሪ ገደማ አለው።

ዘይቱ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በብርዱ ረግቶ የሚነጣው፣ ምድጃ ዳር አስጠግተን የምናቀልጠው የፓልም ዘይት ነው። ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው፤ ኮሌስትሮል የሚጨምረውም ይኸው ስብ ነው። ቅቤም ያው ነው። የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ግዙ። ውድ ነው፤ ግን ትንሽ ስለሚበቃ ያዋጣል።

ጎመኑን አጥባችሁ ቀጠን አድርጋችሁ ክተፉት። ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ይቅር፤ ቪታሚኑ አብሮ ይሄዳል።

ዋናው ሥራ ሽንኩርቱ ላይ ነው። ሁለት ራስ የሸዋ ሮቢት ቀይ ሽንኩርት በደረቅ ድስት፣ በመለስተኛ እሳት አቁላሉ። መጀመሪያ ውሃውን ያወጣል፤ ከዚያ ሥሩ መያዝ ይጀምራል። እጅ ወደ ጀሪካኑ የሚሄደው እዚህ ጋ ነው። ተዉት። አንድ ሁለት ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጉና በማማሰያ ሥሩን ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ያ የያዘው ቡናማ ነገር ነው ጣዕሙ። ደረቅ ሲል ደግሞ ጠብ። ጥሬ ጥሬ መሽተቱን ሲተው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ከዚያ ጎመኑን ጨምራችሁ ክደኑት። እኛ ጋ ከፍታ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ቆላ ካለ ሰው የበለጠ ታገሡ። ሊወጣ ሲል ጨው፣ ቃሪያ፣ ለአራት ሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት። በቃ።

አባባ አሁን ጎመኑን ብቻውን ያስቀድማሉ፤ እንጀራው ከዚያ ይመጣል። ከሁለት እንጀራ ወደ አንድ ወርደዋል። የጎመኑ አሰር፣ ፋይበር የሚባለው፣ ስኳሩ ወደ ደም ቶሎ እንዳይገባ ያዘገየዋል። አንጀት ውስጥም ሐሞት ይዞ ይወጣል፤ ጉበትም የጎደለውን ሐሞት ለመሥራት ከደም ኮሌስትሮል ይወስዳል።

ክኒናቸውን ግን አንድም ቀን አላቋረጡም፤ እናንተም እንዳታቋርጡ። ዋርፋሪን፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን መድኃኒት፣ የሚወስድ ሰው ጎመን በድንገት ማብዛትም መቀነስም የለበትም፤ በውስጡ ያለው ቪታሚን ኬ ከመድኃኒቱ ጋር ይጣላል። ኩላሊቱን የሚታመምም ሐኪሙን አስቀድሞ ይጠይቅ።