አስጎብኚዎች ሆይ፣ እነዚህን የእንግሊዝኛ ቃላት አታምታቱ

ባሕር ዳር ላይ ለጀማሪ አስጎብኚዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ልጆቹ ከሰከላ፣ ከቡሬ፣ ከደምበጫ፣ ከዘጌ የመጡ ናቸው። ጎበዞች ናቸው። ግሱንና ሰዋስውን እንደ ውዳሴ ማርያም ያነበንቡታል። የሚቸግራቸው የሚቀራረቡ ቃላትን መለየት ነው። እንግዳ ደግሞ ስለ አገራችን የሚያውቀው አስጎብኚው የነገረውን ነውና ነገሩ ቀላል አይደለም።

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ «ስቶሪ» እና «ሂስቶሪ» ነው። እኛ ሁለቱንም ታሪክ እንላለን። የአፄ ፋሲልም ታሪክ ነው፣ ጎረቤቴን ትናንት ገበያ ላይ የገጠማትም ታሪክ ነው። እንግሊዝኛው ግን ይለያል። «ሂስቶሪ» በማስረጃ የሚታወቅ ያለፈ ዘመን ነው። «ስቶሪ» የሚተረክ ነገር ሁሉ ነው፤ እውነትም ይሁን ልብ ወለድ።

ደጋ እስጢፋኖስ ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ደሴቲቱ ላይ የነገሥታት አጽም አለ፤ የአፄ ፋሲልም እዚያ ነው። ልጁ ከአጽሙ ፊት ቆሞ ስለ ንጉሡ ሲናገር በየዐረፍተ ነገሩ «ስቶሪ» ይላል። እንግዳው ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። ዝም ብለው ሰሙና «እና እውነት አይደለም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ደነገጠ። አጽሙ ፊቱ ተቀምጦ፣ በአንድ ቃል የተነሳ ተረት ሆኖ ቀረ!

ተገላቢጦሹም አለ። ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት ጣና ቂርቆስ እንደተቀመጠች ይነገራል። ይህን «ሂስቶሪ» ብላችሁ ከጀመራችሁ እንግዳው «የት ተጽፏል? መቼ?» ብሎ ይይዛችኋል። ሌላው ልጅ ከዚህ ለማምለጥ ብሎ «ሌጀንድ» ይላል። ይሄ ይብሳል። እኛ ዘንድ ሌጀንድ ማለት የተከበረ አንጋፋ ዘፋኝ ሆኗል፤ ፈረንጁ ጆሮ ላይ ግን እውነትነቱ ያልተረጋገጠ የድሮ ወሬ ነው። ቄሱ አጠገባችሁ ቆመው እምነታቸውን እንዲህ አትጥሩት። ትክክለኛው ቃል «ትራዲሽን» ነው፣ ትውፊት። «አኮርዲንግ ቱ ዘ ትራዲሽን ኦፍ ዘ ቸርች» በሉ። አማኙም አይከፋውም፣ እንግዳውም አይታለልም።

ይህን ቶሎ የሚረዱልኝ ከቅኔ ቤት የመጡ ልጆች ናቸው። ገድል ሌላ፣ ታሪከ ነገሥት ሌላ መሆኑን ከየኔታ እግር ሥር ተምረውታል። እንግሊዝኛው የሚጠይቃቸው ያንኑ ጥንቃቄ ነው።

ሁለተኛው «ዲስከቨር» ነው። «ጀምስ ብሩስ የአባይን ምንጭ ዲስከቨር አደረገ» የሚል አስጎብኚ ስሰማ ያመኛል። «ዲስከቨር» ማንም የማያውቀውን መጀመሪያ ማግኘት ነው። ብሩስ ግሽ አባይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1770 ነው። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ቄስ ከእሱ በፊት በ1618 አይቶታል፤ ያውም ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ። የሰከላ ሰው ደግሞ ሁለቱም ሳይመጡ በዚያው ውኃ ይጠመቅ ነበር። እናንተ የጎጃም ልጆች ሆናችሁ የአያቶቻችሁን ጠበል ለእንግዳ «ተገኘ» ብላችሁ አትንገሩ። «ሪችድ» ወይም «ቪዚትድ» በቂ ነው፤ ደረሰ፣ ጎበኘ።

እዚያው አባይ ላይ ሳለን፣ ምንጭ የምንለው በእንግሊዝኛ ሁለት ነው። ከመሬት የሚፈልቀው ውኃ «ስፕሪንግ» ነው። የወንዝ መነሻ «ሶርስ» ነው። ግሽ አባይ ሁለቱም ነው፤ ስፕሪንግም ነው፣ የግልገል አባይ ሶርስም ነው። ግልገል አባይ ጣና የሚገባበት ቦታ «ማውዝ» ይባላል። አባይ ባሕር ዳር ላይ ከጣና የሚወጣበትን ግን ማውዝ አትበሉት። ማውዝ ወንዝ የሚያልቅበት ነው፤ የእኛ አባይ እዚህ ይጀምራል እንጂ አያልቅም። ከሐይቅ የሚወጣበት «አውትሌት» ነው። ካርታ ይዞ የመጣ እንግዳ ይህን ስትሳሳቱ ወዲያው ያውቃል፣ ከዚያ በኋላ የምትሉትን ሁሉ ይጠራጠራል።

ዘጌ «አይላንድ» አይደለም። ብዙዎቻችሁ በጀልባ ስለምትሄዱ ደሴት ይመስላችኋል። መኪናም ይገባዋል እኮ! ባሕረ ገብ መሬት ነው፣ «ፔኒንሱላ»። ክብራን ገብርኤልና ደጋ እስጢፋኖስ ናቸው አይላንድ።

ገዳሙ ከነመነኮሳቱ «ሞናስትሪ»፣ ሕንፃው «ቸርች»። መነኩሴው «መንክ»፣ ቄሱ «ፕሪስት»። በአማርኛ ቄስና መነኩሴ ቢቀያየርባችሁ ራሳችሁ ታፍራላችሁ፤ እንግሊዝኛው ላይም እንደዚያው ተጠንቀቁ።

የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕል «ፒክቸር» ስትሉት እንግዳው ፎቶ ሊመስለው ይችላል። «ፔይንቲንግ» በሉ። «ኤንሸንት» የምትለዋን ቃልም ቆጥቡ። የጎንደር ዘመንን ሥዕል «ኦልድ» ማለት አያሳንሰውም፤ ኤንሸንትን ለአክሱም ሐውልቶች ተዉላቸው።

«ሲ» ሳታስቡት ዓይናችሁ ውስጥ የገባውን ማየት ነው። «ሉክ» ዓይን ማሳረፍ ነው። «ዎች» የሚንቀሳቀስን ነገር መከታተል። ጉማሬው ብቅ ሲል «ሉክ!» ብላችሁ ታሳያላችሁ፤ ከዚያ እንግዶቹ ጉማሬውን ዎች ያደርጋሉ።

ሥራ ፈላጊዎች፣ ይቺን በተለይ ለእናንተ። «ሀርድ» እና «ሀርድሊ» ዘመዳሞች አይደሉም። አንድ ተማሪዬ ሆቴል ቃለ መጠይቅ ገብቶ «አይ ሀርድሊ ወርክ» አለ። በርትቼ እሠራለሁ ማለቱ ነበር። ጠያቂዎቹ የሰሙት ግን «ሥራ የሚባል ነገር እምብዛም አልነካም» የሚል ነው። ልጁ እውነትም ታታሪ ነው፣ ሌሊት እየሠራ ቀን የሚማር። ሥራውን አላገኘም። እስከ ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል። «አይ ወርክ ሀርድ» ነው የሚባለው። በቃ፣ እንዲሁ ሸምድዷት።

«ቦሮው» መበደር፣ «ሌንድ» ማበደር።

በመጨረሻ «ቺፕ»። እናቶች ሰፌድና ሙዳይ ዘርግተው ሲሸጡ አስጎብኚው ሊያግዛቸው ብሎ «ቬሪ ቺፕ!» ይላል። ቺፕ ዋጋው ርካሽ ነው ብቻ አይደለም፣ ዕቃው ተራ ነው የሚልም ትርጉም አለው። እናቲቱ ስንት ቀን አጎንብሳ የሰፋችውን እንዲህ አይሉትም። «ጉድ ፕራይስ» በሉላት።