የፅንሱ ኩላሊት «ውሃ ይዟል» ሲባል ቁጥሩን እንዴት እንደሚያጣሩ

ቡራዩ ወይም ኮዬ ፈጬ ካለ ክሊኒክ «የግራ ኩላሊት ውሃ ይዟል፣ 6 ሚሊ ሜትር» የሚል የአልትራሳውንድ ወረቀት ይዘው ወጡ እንበል። በማግስቱ ሌላ ቦታ 5 ይባላሉ። የግድ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም። የሚለካው ኩላሊቱ መሀል ያለው የሽንት ማጠራቀሚያ ከፊት ወደ ኋላ ያለው ስፋት ነው፤ እዚህ ላይ የ1 ወይም የ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት በአንድ ባለሙያ እጅም ያጋጥማል።

መጀመሪያ የእርግዝናውን ሳምንት ያጣሩ። ከ16 እስከ 27ኛው ሳምንት ከ4 ሚሊ ሜትር በታች፣ ከ28ኛው ጀምሮ ደግሞ ከ7 በታች ጤናማ ነው። ስለዚህ 5 ሚሊ ሜትር በ27ኛው ሳምንት ክትትል ይጠይቃል፣ በ28ኛው ግን ምንም አይደለም። ማሽኑ የሚቀበለው የፈረንጅ ቀን ነው። የመጨረሻው የወር አበባ ጥር 1 ቀን 2017 መጥቶ ከነበረ መግባት ያለበት ጃንዋሪ 9 ቀን 2025 ነው፤ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ከገባ ፅንሱ በ8 ቀን ያረጃል። ከ24ኛው ሳምንት በፊት የተነሣ አልትራሳውንድ ካለ ይዘው ይሂዱ፤ ዕድሜው በዚያ ይስተካከላል።

ቀጥሎ አለካኩ ነው፤ ስህተቱ በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል። የፅንሱ ሆድ አግድም ተቆርጦ መታየት፣ አከርካሪውም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መዞር አለበት። ማሽኑ በሚልከው ድምፅ አቅጣጫ ያለውን ርቀት ከጎን ለጎኑ ይልቅ አጥርቶ ስለሚለይ ነው። ፅንሱ በጎኑ ከተኛ የአከርካሪው ጥላ አንዱን ኩላሊት ይጋርዳል፤ እናቲቱ ትንሽ ተራምዳ ብትመለስ ይሻላል። ምስሉ ይጎላ፤ የመለኪያ ምልክቶቹ የሚቀመጡት ከማጠራቀሚያው ውስጠኛው ጠርዝ እስከ ውስጠኛው ጠርዝ ነው። ከኩላሊቱ ውጭ የወጣው የማጠራቀሚያው ክፍል ከተለካ ቁጥሩ ያለ አግባብ ያድጋል። የደም ሥርም ውሃ ሊመስል ስለሚችል የደም ፍሰትን በቀለም በሚያሳየው ዶፕለር ይለያል።

የፅንሱ ፊኛ ከሞላ ማጠራቀሚያውም ሊሰፋ ይችላል። ሽንቱን እስኪሸና ጠብቆ ድጋሚ መለካት ነው። የኩላሊቱ ርዝመት በሚሊ ሜትር ከሳምንቱ ቁጥር ጋር ይቀራረባል፤ ግን ጫፉ ከላዩ ካለው እጢ ጋር ስለሚምታታ በእሱ ብቻ አይፈረድም።

ከቁጥሩ ይልቅ አጃቢ ምልክቶቹ ይበልጥ ያሳስባሉ፦ ሁለቱም ኩላሊቶች መስፋታቸው፣ የፊኛው ግድግዳ መወፈር፣ የሽርት ውሃ ማነስ (ውሃው በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ ሲለካ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች)። ሦስቱ በወንድ ፅንስ ላይ ከተገጣጠሙ የሽንት መውጫው ተዘግቶ ሊሆን ይችላልና ቀጠሮ ሳይጠብቁ ስፔሻሊስት ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር ያስጽፉ።

ቀላል መስፋት ብቻ ከሆነ በየሳምንቱ ክሊኒክ መቀያየር አያስፈልግም። ከ32ኛው ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ፣ ቢቻል በዚያው ባለሙያ፣ ይደገም። ከወሊድ በኋላ የሕፃኑ አልትራሳውንድ ቢያንስ 48 ሰዓት ይቆይ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽንቱ ጥቂት ስለሆነ የሰፋ ኩላሊት ደህና መስሎ ያልፋል። መዘጋት የተጠረጠረበት ሕፃን ግን ይህን ያህል አይጠበቅም።