ሱቃችሁ ወይም መጋዘናችሁ ባዶ ሲሆን ግብሩን እንዴት ታስተካክላላችሁ

አክስቴ በደሴ መንገድ ላይ ካሉት የሰሜን ሸዋ ከተሞች በአንዱ ሁለት ሱቅ አላት። ከሁለት ዓመት በፊት አንዱ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ባዶ ሆነ። ተከራዩ ልብስ ሻጭ ነበር። ገበያው አልሆነለትምና ዕቃውን ጭኖ ሄደ። አክስቴ ቁልፉን ተቀብላ መቀነቷ ላይ ቋጠረችው፣ በቃ። ለደላላ ነገረች፣ በሩ ላይ "የሚከራይ" ብላ ለጠፈች፣ የመጣ ሰው ግን የለም። ሐምሌ ላይ ግብር ልትከፍል ስትሄድ የአሥራ ሁለት ወር ኪራይ ተሰልቶ ጠበቃት።

"ባዶ ነበር እኮ ልጄ።"

"ማስረጃ አለዎት እማማ?"

ቁልፉን ፈትታ ለገቢዎቹ ልጅ አሳየችው። ልጁ ሳቀ። ክፉ ልጅ አልነበረም፣ ግን ቁልፍ ፋይል ውስጥ አይገባም። ከፈለች።

ስለዚህ ባዶ ቤት ያላችሁ፣ ወይም ተከራያችሁ "ልወጣ ነው" ማለት የጀመረ፣ ይህን አንብቡ። ደብረ ብርሃንም ሆናችሁ ሸዋ ሮቢት፣ አረርቲም ሆናችሁ መሐል ሜዳ፣ ነገሩ ያው ነው። ቤቱ ባዶ በሆነበት ሳምንት ያልተሠራ ወረቀት ሐምሌ ላይ አይሠራም።

መጀመሪያ ሒሳቡን ለያዩት። ሁላችንም "ግብር" እያልን አንድ ላይ እንጨፈልቀዋለን እንጂ አንድ ሱቅ ላይ የሚመጣው ክፍያ ብዙ ዓይነት ነው፣ ባዶነት የሚቀንሰው ደግሞ አንዱን ብቻ ነው። እሱም የኪራይ ገቢ ግብር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 ከግል ቤት ኪራይ የሚገኘውን ገቢ ግብር ለክልሎች ሰጥቷል፣ የምትከፍሉትም ለዚያው ለከተማችሁ ወይም ለወረዳችሁ ገቢዎች ነው። በገቢ ግብር አዋጁ ሠንጠረዥ "ለ" የሚባለው ይሄ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፦ ገቢ ካለ ግብር አለ፣ ገቢ ከሌለ የለም። በወር 8,000 ብር የሚከራይ ሱቅ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ብቻ ተከራይቶ ከሆነ የዓመቱ ኪራይ 32,000 ብር ነው። ባዶ መሆኑን ካላሳያችሁ ግን 96,000 ተብሎ ይያዛል። ሦስት እጥፍ ማለት ነው።

ሌላው በተለምዶ "ጣሪያና ግድግዳ" የምንለው የቤት ግብርና የቦታ ኪራይ ነው። ይሄ ከደርግ ዘመን፣ ከአዋጅ ቁጥር 80/1968 ጀምሮ የመጣ ነው። የቤት ግብሩ የሚሰላው ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያወጣል ተብሎ በተገመተው ኪራይ ላይ ነው፣ በአዋጁ ከ1 እስከ 4.5 በመቶ። ልብ በሉ፣ "ቢከራይ" ነው የሚለው። ተከራየ አልተከራየ ጉዳዩ አይደለም። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ "ባዶ ነው ቀንሱልኝ" ብትሉ ጊዜያችሁን ነው የምታባክኑት። ሊዝ ያለባችሁም እንደዚያው ነው፣ ዓመታዊ ክፍያው በሩ ተዘጋ ብሎ አይቆምም።

በ2017 ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ በተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። እሱ የሚያየው የንብረቱን ዋጋ እንጂ የኪራዩን ብር አይደለም። ባዶ ሕንፃ ይዞ ዋጋው እስኪጨምር መጠበቅ ለለመደ ሰው ይህ ብዙ ነገር ይቀይራል። በኔ በኩል ሐሳቡን አልጠላውም፣ ዋና መንገድ ላይ አምስት ዓመት ተቆልፎ የቆመ ሕንፃ ለከተማም አይጠቅም። ግን ሆን ብሎ የዘጋውንና ተከራይ ያጣውን መለየት ያስፈልጋል። ለንደን ያለ ወንድሜ እንደነገረኝ እዚያ ማዘጋጃ ቤቱ ከባዶ ሱቅ ለመጀመሪያው 3 ወር፣ ከባዶ መጋዘንና ፋብሪካ ደግሞ ለ6 ወር የንግድ ቤት ግብር አይጠይቅም፣ ከዚያ በኋላ ግን ባዶም ቢሆን ሙሉውን ክፈል ይላል። ቢያንስ ቀኑ ይታወቃል።

እሺ፣ ወደ ሥራው።

ተከራዩ ቁልፍ ሲመልስ በባዶ እጁ አትሸኙት። ውላችሁ በጽሑፍ ከነበረ የውል ማቋረጫ ጻፉ፣ በጽሑፍ ካልነበረ ደግሞ ርክክብ ጻፉ። ግማሽ ገጽ ይበቃል፦ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ቁልፍ የተመለሰበት ቀን፣ እስከ መቼ ኪራይ እንደተከፈለ፣ የሁለታችሁ ፊርማ፣ ሁለት ምስክር። ተከራዩ አንዴ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ለፊርማ መልሶ ማምጣት የማይታሰብ ነው። እኔ የማደርገው የቀብዱን ብር የምመልሰው ሲፈርም ነው። ቅድመ ክፍያ ተቀብላችሁ ተከራዩ ቀድሞ ከወጣና ያልመለሳችሁለት ብር ካለ ደግሞ እሱ ገቢያችሁ ነው፣ አትደብቁት።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚረሳው የተከራዩ ንግድ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ የወጣው በእናንተ የቤት ቁጥር ነው። ሰውየው ፈቃዱን ሳይመልስ ወይም አድራሻ ሳይቀይር ከሄደ፣ በመንግሥት መዝገብ ላይ ሱቃችሁ ውስጥ አሁንም ነጋዴ አለ። እናንተ "ባዶ ነው" ትላላችሁ፣ መዝገቡ "ልብስ ቤት" ይላል። ማንን እንደሚያምኑ ገምቱ። ስለዚህ ፈቃዱን የመለሰበትን ወይም አድራሻ የቀየረበትን ወረቀት ኮፒ ጠይቁት። እምቢ ካለ ወይም ከጠፋ ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ ራሳችሁ ጻፉ፦ እገሌ የተባለው ተከራይ በዚህ ቀን ቤቴን ለቋል ብላችሁ።

ከዚያ ለገቢዎች ማመልከቻ። የታክስ አስተዳደር አዋጁ ግብር ከፋይ ያለበት ሁኔታ ሲለወጥ በ30 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ያዛልና አታዘግዩት። የአክስቴ ማመልከቻ፣ በኋላ ስንጽፈው፣ ይህን ይመስል ነበር፦

"ጉዳዩ፦ የሚከራይ ቤት ባዶ መሆኑን ስለማሳወቅ።
በቀበሌ ___ የቤት ቁጥር ___ የሆነውን ንግድ ቤቴን ተከራይቶ የነበረው ግለሰብ ከ___ ቀን ጀምሮ ስለለቀቀ ቤቱ በአሁኑ ሰዓት ተዘግቶ ይገኛል። ባለሙያ ተመድቦ ቤቱ በአካል ታይቶ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝልኝ፣ ገቢ ያላገኘሁባቸው ወራትም በግብር አወሳሰኑ ግምት ውስጥ እንዲገቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የቁልፍ ርክክብ ኮፒ 1 ገጽ አያይዣለሁ።"

ቲን ቁጥራችሁን (የግብር ከፋይ መለያችሁን) ከላይ ጻፉ። ዋናው ነገር ግን ማመልከቻው አይደለም፣ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን የተመታበት ኮፒ እጃችሁ ላይ መቅረቱ ነው። "ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው እናየዋለን" የሚል ቢመጣ በትሕትና እምቢ በሉ። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ወረቀት ሰኔ ላይ የለም።

በማመልከቻው ውስጥ "ታይቶ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ" የሚለውን እንዳትዘሉት። ባለሙያው ካልመጣ ቀበሌውን ጠይቁ። ቀበሌም ካልመጣ፣ በሳምንቱ ሁለተኛ ማመልከቻ አስገቡ፣ የመጀመሪያውን ቁጥር ጠቅሳችሁ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። የመብራት ቆጣሪው ደግሞ ዝም ብሎ ይመሰክርላችኋል፦ ሱቁ የራሱ ቆጣሪ ካለው በየወሩ ያልተንቀሳቀሰ ቢል ከየትኛውም ምስክር ይበልጣል፣ ስለዚህ ቢሉን አትጣሉ። ከጎን ካለው ቤት ጋር በአንድ ቆጣሪ የምትጠቀሙ ከሆነ ይህ አይሠራላችሁም። በሩ ላይ የለጠፋችሁትን "የሚከራይ" ወረቀትም በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ቀኑ አብሮ ይቀመጣል።

መጋዘን ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ምንጃር ውስጥ የማውቀው ሰው መጋዘኑ ባዶ ነው ብሎ አሳወቀ፣ ባለሙያ ሲመጣ እስከ ጣሪያው ሽምብራ ሞልቶታል። የራሱ ሽምብራ ነበር። የራስን እህል በራስ መጋዘን ማስቀመጥ ኪራይ አይደለም፣ ግን ባዶም አይደለም። እንደዚያ ከሆነ "አልተከራየም፣ ለራሴ እየተጠቀምኩበት ነው" ብላችሁ ጻፉ። የጎረቤት እህል በወር ይህን ያህል እየተቀበላችሁ የምታስቀምጡ ከሆነ ግን እሱ ኪራይ ነው። ተከራያችሁ ለሌላ አከራይቶት እንደሆነም አጣሩ። በገቢ ግብር አዋጁ ያከራየ ተከራይም ግብር ከፋይ ነው፣ እናንተም ጣጣው ሊደርሳችሁ ይችላል።

ሐምሌ ላይ፣ ሙሉ ዓመቱን ባዶ ቢሆንም እንኳ፣ ሄዳችሁ አሳውቁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል። "ምንም አላገኘሁም፣ ምን አስኬደኝ" ማለት የብዙ ሰው ስህተት ነው፣ የሚከፈል ባይኖርም አለማሳወቅ በራሱ ያስቀጣል። ነጋዴዎች "ኒል" የሚሉት ይሄንን ነው። ስትሄዱ የተከራየበትን ወርና ያልተከራየበትን ወር በአንድ ወረቀት ለይታችሁ ያዙ። ሒሳብ መዝገብ የምትይዙ ከሆናችሁ በባዶው ጊዜ ያደረጋችሁት ጥገና፣ የባንክ ወለድና የኢንሹራንስ ክፍያ በደረሰኝ ተቀናሽ ይሆናል። መዝገብ ለማይዝ የገቢ ግብር አዋጁ (979/2008) ሲወጣ የኪራዩን ግማሽ ለጥገናና ለእርጅና ብሎ ይቀንስ ነበር። ይህ አዋጅ በ2017 ስለተሻሻለ የዘንድሮውን ተቀናሽና ምጣኔ ከዚያው ከባለሙያው ጠይቃችሁ ተረዱ፣ ካፌ የተቀመጠ ሰው የሚነግራችሁን ይዛችሁ አትሂዱ። ካፌው ውስጥ "ባዶ ቤት ላይ ይህ አዋጅ መጥቷል" እያሉ የሚያወሩት የ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅም (1320/2016) የመኖሪያ ቤት ነው፣ ሱቅና መጋዘን አይመለከትም።

ውሳኔው ካላስደሰታችሁ በቃል አትጨቃጨቁ። በታክስ አስተዳደር አዋጁ (983/2008) የውሳኔ ማስታወቂያው ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ 21 ቀን አላችሁ፣ በጽሑፍ ቅሬታ ለማቅረብ። እዚያ ካልተስተካከለ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ግብር ይግባኝ መሄድ ይቻላል፣ ግን ከተከራከራችሁበት ግብር ግማሹን አስቀድማችሁ ማስያዝ አለባችሁ። ለዚህ ነው የመጀመሪያው 21 ቀን ወርቅ የሆነው። አክስቴ አላወቀችም ነበር፣ ቅሬታ የምታቀርበው መስከረም ላይ "በዓሉ ይለፍና" ብላ ነበር።

አሁን ለኢንዱስትሪ ቦታ ስለወሰዱት። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ እየበዛ ሲሄድ ቦታ ወስዶ በቆርቆሮ ያጠረ ሰውም በዝቷል፣ አጥሩ ውስጥ ገብስ የበቀለበት አይቻለሁ። የእናንተ ችግር የኪራይ ግብር አይደለም፣ ኪራይ የለምና። ችግራችሁ የሊዝ ውሉ ነው። አዋጅ ቁጥር 721/2004 ግንባታ በውሉ በተባለው ጊዜ ካልተጀመረ ውሉ እንዲቋረጥና ቦታው እንዲመለስ ይላል፣ የከፈላችሁትም ወጪና ቅጣት ተቀንሶበት ነው የሚመለሰው። ቢያንስ 10 በመቶ ቅድሚያ ከፍላችሁ ቀሪውን በየዓመቱ ስትከፍሉ ወለድም አለው፣ ባዶ አጥር ላይ ወለድ እየከፈላችሁ ነው ማለት ነው። "እሸጠዋለሁ" ብላችሁም አትጽናኑ፣ ግንባታ ሳትጀምሩ ስታስተላልፉ የሚደርሳችሁ የከፈላችሁት ከነባንክ ወለዱ፣ የሠራችሁት ነገር ካለ ዋጋው፣ ከመተላለፊያ ሊዝ ዋጋው ደግሞ 5 በመቶ ነው፣ ሌላው የመንግሥት ነው። ስለዚህ ማሽን ዘገየ፣ ዶላር ጠፋ፣ መብራት አልገባም የምትሉ ከሆነ ጊዜው ሳያልፍ በጽሑፍ ማራዘሚያ ጠይቁ፣ ምክንያቱን የሚያሳይ ደብዳቤ አያይዛችሁ። የመብራት ጥያቄ ያስገባችሁበት ደብዳቤ ከነቁጥሩ ትልቅ ነገር ነው።

ሕንፃው ሳያልቅ ምድር ቤቱን ብቻ ያከራያችሁ ካላችሁም የገቢ ግብር አዋጁ ለኪራይ የተሠራ ሕንፃ ሲጠናቀቅ፣ ወይም ሳይጠናቀቅ ሲከራይ፣ ባለቤቱም ሠሪውም ለቀበሌው እንዲያሳውቁ ያዛል። ስታሳውቁ የትኛው ወለል እንደተከራየና የትኛው እንዳላለቀ ለይታችሁ ጻፉ፣ አለበለዚያ አራቱም ፎቅ እንደተከራየ ሊቆጠርባችሁ ይችላል።

በ2013 እና በ2014 በአጣዬና በአካባቢው ሱቃቸው የተቃጠለባቸው፣ ጣሪያው የወረደባቸው ሰዎች ሌላ ናቸው። "ባዶ" ብላችሁ አትጻፉ፣ "አገልግሎት የማይሰጥ" በሉና የቤት ግብሩም እንዲታይላችሁ ጠይቁ፣ ግምቱ የተሠራው በቆመ ቤት ነውና። ፎቶና የቀበሌ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ጠግናችሁ ስትጨርሱም ያንኑ አሳውቁ።

አዲስ ተከራይ ሲመጣ ደግሞ የገባበትን ቀን በውሉ ላይ በትክክል አስፍሩ፣ "ካለፈው ወር ጀምሮ" እየተባለ የተጻፈ ውል የባዶ ወራችሁን ይበላባችኋል። የአክስቴ ሱቅ ዘንድሮ ተከራየ። ፀጉር ቤት ነው፣ ሴትየዋ የካቲት 3 ገባች፣ በማግስቱ ማመልከቻ አስገባን። አክስቴ መዝገብ ቤት በር ላይ ቆማ ኮፒዋ ላይ ማኅተም እስኪመታ አልነቃነቅም አለች።