ሞዴል ክሱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፉት

አንድ ወጣት ባልደረባዬ ቢሮዬ መጣና «ጋሼ፣ ለሕግ ተማሪዎች የክስ አጻጻፍ ላስተምር ነው፤ ሞዴል ይኖርዎታል?» አለኝ። አለኝ፣ ግን አልሰጠሁትም።

ከዓመታት በፊት እኔው ነኝ ሞዴል ኮፒ አድርጌ ለክፍሉ ያደልኩት። የመኪና ሽያጭ ክስ ነበር። በሳምንቱ የብድር ጉዳይ ሰጠኋቸው፤ ሰውዬው 30,000 ብር አበድሮ አልተመለሰለትም፣ በቃ። አንዱ ተማሪ ዳኝነት (ከሳሽ እንዲወሰንለት የሚጠይቀው) በሚለው ሥር «ተከሳሽ መኪናውን ከነሊብሬው እንዲያስረክበኝ» ብሎ አረፈው። ሳቅሁ። አራተኛው ወረቀት ላይ ያው መኪና ሲመጣ ግን ሳቄ ጠፋ። ሞዴል ፊቱ የተቀመጠለት ተማሪ ስምና ቀን ይቀይራል እንጂ አያስብም። ይሄንንማ ፍርድ ቤት ደጃፍ ያለው ራፖር ጸሐፊ ከእኛ ተማሪ በፍጥነት ይሠራዋል፤ እሱ ቢያንስ ባለጉዳዩን «ከዚያስ?» እያለ ይጠይቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ ታሪኩን ስጧቸው። የተዘበራረቀ ይሁን፣ ባለጉዳይ እንደሚያወራው፣ የጎረቤት ጠብና የልጅ ሠርግ የገባበት። ከዚያ ዳኝነቱን አስቀድመው ይጻፉ፤ ምን እንዲወሰንለት ነው የመጣው? ቀጥሎ ለዚያ ዳኝነት የሚያስፈልገውን ፍሬ ነገር ብቻ ከታሪኩ ይልቀሙ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 222ን የሚከፍቱት ጽፈው ሲጨርሱ ነው፤ የክሱ ምክንያት መቼና የት እንደተፈጠረ ጽፌያለሁ? ፍርድ ቤቱ ሥልጣን እንዳለው የሚያሳየውስ? የጎደለውን ራሳቸው ሲያገኙት አይረሱትም። ሞዴሉ ከዚያ በኋላ ቢሰጥ አይጎዳም።

ሌላው ቋንቋ ነው። በእንግሊዝኛ እናስተምራቸዋለን፣ ተመርቀው በአማርኛ ይከራከራሉ፤ ክልል ላይ ደግሞ በኦሮምኛ ወይ በትግርኛ ወይ በሌላ። ውጤቱ «በተከሳሽ በኩል ክፍያ ያለመፈጸም ተግባር ተከናውኗል» ነው። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቀው ልጁ ራሱ «ያው አልከፈለኝም ለማለት ነው» አለኝ። ታዲያ እንደሱ ብለህ ጻፋ! አሁን ሁሉም የጻፈውን ክፍል ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ አደርጋለሁ፤ ምላሱን ያደናቀፈውን ዓረፍተ ነገር ማንም ሳይነግረው ይሰርዘዋል።

ፍሬ ነገርና ማስረጃ ሲደባለቅ ዝም አትበሉ። በየአንቀጹ «ይህንንም ምስክሮቼ ያውቃሉ» ይላሉ፤ ቁጥር 80 ፍሬ ነገሩን ባጭሩ ጻፍ ነው የሚለው፣ ማስረጃ የራሱ ዝርዝር አለው። በነገራችን ላይ በብድሩ ጉዳይ ሦስት ምስክር ደርድሮ የሚመጣ ተማሪ አይጠፋም። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ እንደማይረጋገጥ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ላይ ማንበቡን ረስቶት ነው። (500 ብር! ሕጉ የ1952 ነው፣ ምን ይደረግ።) ቀድማችሁ አትንገሩት፣ ይውደቅበት።

የተከሳሽን መልስ መጻፍም አስተምሩ እንጂ፣ ክስ ብቻ ነው እንዴ? «ክሱን በሙሉ ክጃለሁ» መልስ አይደለም፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 235 ነጥብ በነጥብ ካድ ይላል።

ስላይዳችሁንም እዩት። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 25/1988 በአዋጅ 1234/2013 ከተሻረ በኋላም አሮጌው አዋጅ በኛው ስላይድ ላይ ተቀምጦ ተማሪውን «ለምን ጠቀስከው?» ማለት ነውር ነው።

እርማት ላይም እኔ ጥፋተኛ ነበርኩ። ወረቀቱን በቀይ እስክሪብቶ ሞልቼ እመልስ ነበር፤ ተማሪው ማርኩን አይቶ አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። አሁን በአንድ ወረቀት ላይ ከሁለት ነገር በላይ አልነካም፣ ማርክ የሚሰጠውም እንደገና ለተጻፈው ነው።

ለባልደረባዬ የብድሩን ታሪክ ብቻ በግማሽ ገጽ ጽፌ ሰጠሁት። በሳምንቱ 40 ወረቀት ታቅፎ መጣ፤ ፊቱ ጠቁሯል። ከላይ ያለውን አወጣልኝ። ዳኝነት በሚለው ሥር «የተከበረው ፍርድ ቤት ተገቢ ነው ያለውን እንዲወስንልኝ» ይላል።

«ይሄንን ልጅ ምን ልበለው ጋሼ?»

«ስንት ብር ነው የምትፈልገው በለው።»