ከባትሪ እስከ ዳሽቦርድ፦ በመኪና ላይ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር ሲዘረጋ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ለመኪናው ስክሪን ያለው ቴፕ የሚገዛ ሰው ስለ ዕቃው ብዙ ይጠይቃል፤ ድምፁን ያስሞክራል፣ የኋላ ካሜራውን ጥራት ያያል፣ በዋጋው ይከራከራል። ኤሌክትሪኩን ከባትሪው ወደ ዳሽቦርዱ ስለሚያደርሰው ሽቦ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ገጣሚው ከጥግ ያገኘውን ጥቅል ፈትቶ ይዘረጋል፣ ስክሪኑ ከበራም ሥራው እንዳለቀ ይቆጠራል። ከወራት በኋላ ቴፑ በደንገጎ ዳገት ላይ ብልጭ ድርግም ሲል፣ ባትሪው ጠዋት ሞቶ ሲገኝ ወይም ከኮፈኑ ሥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሲሸት የሚወቀሰው ዕቃው ነው፤ ጥፋቱ ግን በአብዛኛው የመስመሩ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች በሐረር እስከ ቅርብ ጊዜ በታክሲነት ሲያገለግል በኖረው ፔጆ 404 ላይም፣ በሚኒባስም፣ በቪትዝም፣ በአይሱዙም ላይ የሚደርሱ ናቸው።

በነባር ሽቦ ላይ መቀጠል

አዲስ ዕቃ ሲመጣ ቀላሉ መንገድ ከሲጋራ መለኮሻው ወይም ከራዲዮው ነባር ሽቦ ላይ ልጦ መቀጠል ነው፤ ሁለተኛው ዕቃ ሲጨመር ደግሞ በዚያው ላይ ሌላ ይቀጠላል። ፋብሪካው ያንን መስመር ለታወቀ ጭነት አስልቶ የሠራው በመሆኑ፣ ካሜራው፣ ቻርጀሩና የድምፅ ማጉያው (አምፕሊፋየሩ) ሲደራረቡበት ይግላል። ተቃራኒው ልማድም ከዚህ አይሻልም። ለእያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ሽቦ ከባትሪው ሲሳብ፣ የባትሪው ፖዘቲቭ ራስ የትኛው ጫፍ የማን እንደሆነ የማይለይበት ቋጠሮ ይሆናል። የሚሻለው ከባትሪው አንድ ወፍራም ጥንድ፣ ማለትም አንድ ፖዘቲቭና አንድ ኔጋቲቭ ሽቦ፣ ወደ ዳሽቦርዱ ሥር ወስዶ እዚያ ትንሽ የፊውዝ ሳጥን ማሰርና ለየዕቃው ከሳጥኑ ማከፋፈል ነው። መጀመሪያ ላይ ወጪው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን በሌላ ዓመት አዲስ ዕቃ ሲጨመር የሞተሩን ክፍል እንደገና መነካካት አያስፈልግም።

ርቀቱንና ጭነቱን ሳያሰሉ ቀጭን ሽቦ መምረጥ

ይህ ስህተት በተለይ የቤት ኤሌክትሪክ ሥራ የለመዱ ባለሙያዎችን ያሳስታል። 100 ዋት የሚጠቀም ዕቃ በ220 ቮልት ቤት ውስጥ ግማሽ አምፒር እንኳ አይስብም፤ ያው 100 ዋት በ12 ቮልት መኪና ላይ ከ8 አምፒር በላይ ይስባል። በቤት ውስጥ ከበቂ በላይ የሆነው ሽቦ በመኪና ውስጥ የሚያንሰው ስለዚህ ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ሽቦ በእያንዳንዱ ሜትር 0.0175 ኦኸም ያህል ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚገታ ባሕርይ፣ አለው። ከባትሪው እስከ ዕቃው 5 ሜትር ቢሆን፣ ኤሌክትሪኩ ሄዶ የሚመለስ ስለሆነ የሚሰላው 10 ሜትር ነው፤ ብዙዎች መሄጃውን ብቻ ቆጥረው የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። በዚህ ርቀት 10 አምፒር የሚስብ ዕቃ በ1 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ቢያያዝ 1.75 ቮልት በመንገድ ላይ ይጠፋል። በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ የሚጠፋው 0.7 ቮልት ሲሆን፣ በ6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ወደ 0.3 ቮልት ይወርዳል። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው 12.5 ቮልት ሲሰጥ፣ በቀጭኑ ሽቦ መጨረሻ ላይ ያለው ዕቃ የሚደርሰው 11 ቮልት እንኳ የማይሞላ ነው፤ አንዳንድ ዕቃዎች በዚህ ደረጃ ላይ ራሳቸውን ያጠፋሉ። የጠፋው ቮልት ደግሞ ሙቀት ሆኖ በሽቦው ውስጥ ይቀራል።

ይህን ሲባል ሁሉም ነገር ወፍራም ይሁን ማለት አይደለም። የኋላ ካሜራ የሚስበው ከአንድ አምፒር በእጅጉ ያነሰ በመሆኑ፣ በሚኒባስ ርዝመት እንኳ ቢሄድ ቀጭን ሽቦ ይበቃዋል። ውፍረቱ የሚያስፈልገው ዋናው ጥንድ፣ አምፕሊፋየሩና ማቀዝቀዣው ናቸው።

የቤት ሽቦና መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም መጠቀም

ለግድግዳ የሚውለው አንድ ወጥ ዘንግ ያለው ሽቦ ለመኪና አይሆንም። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ባለው ጥምዝምዝ መንገድ ላይ በቀን ብዙ ጊዜ የሚመላለስ ሚኒባስ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል፤ ወጥ ዘንግ በታጠፈበትና በታሰረበት ቦታ እየደከመ ሄዶ ይሰበራል፣ ልባሱ ስላልተቆረጠ ደግሞ ስብራቱ በዓይን አይታይም። ለተሽከርካሪ የሚሆነው ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ሽቦ ነው። ሙቀቱም መረሳት የለበትም። የተለመደው የቤት ሽቦ ልባስ የሚችለው እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ በድሬዳዋ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ያለ ምንም ኤሌክትሪክ ወደዚህ ሙቀት ሊደርስ ይችላል፤ የሞተሩ ክፍል ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ለሞተር ክፍል 105 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚችል ልባስ ያለው ሽቦ መፈለግ ይገባል።

በርካሽ የሚሸጠው የአምፕሊፋየር ሽቦ ብዙ ጊዜ ላዩ መዳብ ውስጡ አሉሚኒየም ነው። መለየት ቀላል ነው፤ አንዱን ክር በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ቀዩ ቀለም ተነስቶ ነጭ ብረት ከታየ አሉሚኒየም ነው። ነጩ ቀለም ላይ ላዩን ሆኖ ሲፋቅ ቀይ ከወጣ ደግሞ ቆርቆሮ የተቀባ እውነተኛ መዳብ ነው፣ ይህም ዝገትን ስለሚቋቋም ከሁሉም የተሻለ ነው። አሉሚኒየሙ ከመዳብ ያነሰ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል፣ መገጣጠሚያው ላይም በእርጥበት ይበላል።

ፊውዝን ከዕቃው አጠገብ ብቻ ማድረግ

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ብዙ ሰው ፊውዝ ዕቃውን ለመጠበቅ የተቀመጠ ይመስለዋል፤ ዋና ሥራው ግን ሽቦውን ከመቃጠል ማዳን ነው። ከቴፑ ጀርባ ያለው ፊውዝ ከባትሪው እስከ ዳሽቦርዱ ያለውን ሽቦ በምንም አይጠብቅም። ያ ሽቦ በመንገዱ ላይ ተልጦ የመኪናውን ላሜራ ከነካ፣ ባትሪው በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ይለቅበታል፤ ሽቦውም ከዳር እስከ ዳር ግሎ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ያቀጣጥላል። ስለዚህ ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ከ20 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ መታሰር አለበት፤ በዳሽቦርዱ ሥር ባለው ሳጥን ያሉት ፊውዞች በዚያ ላይ የሚጨመሩ ናቸው።

መጠኑ የሚመረጠው ከሽቦው አቅም ሳይበልጥ ነው። በመኪና ውስጥ ታሽጎ ለሚሄድ ሽቦ፣ ለ1 ሚሊ ሜትር ካሬ 10 አምፒር፣ ለ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ 20 አምፒር፣ ለ6 ሚሊ ሜትር ካሬ 30 አምፒር ብሎ መያዝ ጥንቃቄ ያለበት ምርጫ ነው። የጠፍጣፋ ፊውዝ ቀለሞች በሁሉም አገር አንድ ናቸው፤ ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30 አምፒር ነው። ፊውዝ ተደጋግሞ ሲቃጠል ቀዩን በአረንጓዴ መተካት፣ ወይም አልፎ አልፎ እንደሚታየው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ፣ ችግሩን ከፊውዙ አንስቶ ወደ ሽቦው ማዛወር ነው።

ቀዳዳውንና መንገዱን ችላ ማለት

የሞተሩን ክፍል ከሹፌሩ ክፍል የሚለየው ላሜራ ሲበሳ ጠርዙ ስለት ነው። በትራፓን የተበሳ ቀዳዳ ባዶውን ቀርቶ ሽቦ ሲያልፍበት፣ ንቅናቄው ልባሱን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይበላዋል። ከመብሳት በፊት ነባሩ የፋብሪካ ሽቦ የሚያልፍበትን የጎማ ማለፊያ መፈለግ ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ በጎማው ዳር ለአንድ ሽቦ የሚሆን ቦታ ይገኛል። አዲስ መብሳት የግድ ከሆነ ከጀርባው ምን እንዳለ በእጅ ዳስሶ ማረጋገጥ፣ ከበሱም በኋላ ጠርዙን በሞረድ ማለስለስ፣ የተበሳውን ብረት ቀለም መቀባትና ልኩን የጠበቀ የጎማ ቀለበት ማስገባት ያስፈልጋል። ሽቦው ወደ ቀዳዳው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ወረድ ብሎ እንደገና ቢወጣ፣ በሐረር ክረምት የሚወርደው ውሃ በሽቦው ላይ ተንሸራቶ ወደ ውስጥ ከመግባት ይልቅ ከታጠፈበት ቦታ ላይ ይንጠባጠባል።

መንገዱ ከጭስ ማውጫው፣ ከማራገቢያውና ከሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የራቀ ይሁን። በፔጆ 404 ላይ ማርሹ በመሪው አምድ ላይ ስለሆነ፣ በአምዱ ዙሪያ የሚጠመጠም ሽቦ ከመሪውም ከማርሹ ዘንግም ጋር ይጋጫል፤ በማንኛውም መኪና ላይ ደግሞ ከፍሬንና ከፍሪሲዮን ፔዳል በላይ ተንጠልጥሎ የሚቀር ሽቦ አንድ ቀን እግር ሥር ይወድቃል። በየ30 ሴንቲ ሜትሩ በፕላስቲክ ማሰሪያ ማሰር ይበቃል። በጠባብ ቦታ ሽቦ ሲሳብ አብሮ ጠንካራ ክር አስገብቶ እዚያው መተው ብልህነት ነው፤ ቀጣዩ ሽቦ በዚያ ክር ይጎተታል። የሁለቱንም ጫፎች ስም መጻፍም በተለይ ከጥቅሉ የተረፈ አንድ ዓይነት ቀለም ብቻ በተዘረጋበት መኪና ላይ ብዙ ሰዓት ያድናል።

ኔጋቲቩን እንደ ቀላል ነገር ማየት

ፖዘቲቩን በጥንቃቄ የዘረጋ ሰው ኔጋቲቩን ያገኘው ቡሎን ሥር አስገብቶ ሲሄድ ይታያል። ቀለምና ዝገት ኤሌክትሪክ አያሳልፉም፤ ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የተመረተ ፔጆ ላሜራ ደግሞ ከነቀለሙ ስንት ጊዜ እንደተቀባ መገመት አያስቸግርም። ቡሎኑ የሚያርፍበት ቦታ ብረቱ እስኪያበራ ተፍቆ፣ በዳዶ ጠብቆ፣ ከዚያ በኋላ ዝገት እንዳይዘው ግሪስ መቀባት አለበት። ሞተሩ ሲነሳ በስፒከር የሚሰማውና ከነዳጁ ጋር እየጨመረ የሚሄደው ፉጨትም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዕቃዎቹ ኔጋቲባቸውን ከተለያየ ቦታ ሲወስዱ ነው፤ ሁሉም ከአንድ ቦታ ቢወስዱና የድምፅ ሽቦው ከወፍራሙ የኃይል ሽቦ ተለይቶ በሌላው የመኪናው ጎን ቢሄድ በአብዛኛው ይጠፋል።

ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል

በድሬዳዋ ሙቀት የናስትሮ ሙጫ ይቀልጣል፤ ተንሸራቶ ሲወርድ ባዶው መገጣጠሚያ ይቀራል። ልኩን የጠበቀ መቆንጠጫ ራስ በመቆንጠጫ ፒንሳ አጥብቆ፣ በላዩ ላይ ሲሞቅ የሚጨበጥ ቱቦ ማልበስ ይሻላል። በቆርቆሮ የተበየደ መገጣጠሚያም መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ብየዳው ያበቃበት ቦታ ደረቅ ስለሚሆን አጠገቡ ላይ ካልታሰረ በንቅናቄ ይሰበራል።

በአይሱዙ ላይ ከአንዱ ባትሪ 12 ቮልት መውሰድ

ከአወዳይ ጫት የሚጭኑት አይሱዙዎች በተከታታይ በተያያዙ ሁለት ባትሪዎች በ24 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። የቴፕ ገጣሚዎች ከሁለቱ ባትሪዎች መካከል 12 ቮልት ይስባሉ፤ ዕቃው ይሠራል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ይሁን እንጂ የሚሳብበት ባትሪ ሁልጊዜ ከሌላው ያነሰ ቻርጅ ይኖረዋል። ዲናሞው የሚያየው የሁለቱን ድምር ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ ሳይሞላ ሲኖር ሌላው ከልኩ በላይ እየተሞላ ውሃው ይተናል፤ በመጨረሻም ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ያልቃሉ። መፍትሔው 24 ቮልትን ወደ 12 የሚቀይር መሣሪያ ማስገባት ሲሆን፣ ዋጋው ከአንድ የጭነት መኪና ባትሪ ያነሰ ነው።

ሁሉንም ቀን ከሌት የሚሠራ ማድረግ

የመኪና ካሜራ መቅጃ 0.4 አምፒር ብቻ ቢስብ እንኳ በ24 ሰዓት ወደ 10 አምፒር ሰዓት ይጠጣል፤ 60 አምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ በሦስት ቀን ውስጥ ይጋመሳል፣ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ሞተሪኖውን ማዞር ያቅተዋል። ከጂፒኤስና ከቴፑ የማስታወሻ ሽቦ በስተቀር ሌላው ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚበራ መሆን አለበት። ይህም የሚሆነው ወፍራሙን ጭነት በቁልፉ ላይ በመጫን ሳይሆን፣ ቁልፉ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቅ ጭነት የሚያበራ ማብሪያ) እንዲያዝና ሪሌው ሳጥኑን እንዲያበራ በማድረግ ነው።

ኤርባግ ባላቸው መኪኖች ላይ ቢጫ ሶኬትና ቢጫ ልባስ ያለውን ሽቦ መንካት፣ መለካትም ሆነ በላዩ ላይ ሌላ ሽቦ ማሰር ፈጽሞ አይገባም።

ሳይለኩ ማስረከብ

ሥራው ሲጀመር መጀመሪያ የሚፈታው የባትሪው ኔጋቲቭ ነው፣ ሲያልቅም መጨረሻ የሚታሰረው እሱ ነው፤ ፖዘቲቩን ቀድሞ የሚፈታ ሰው ቁልፉ ድንገት ላሜራውን ቢነካ ብልጭታው በባትሪው አጠገብ ይፈጠራል። ከታሰረ በኋላ ሁሉንም ዕቃ አብርቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ በመጀመሪያ በባትሪው ራስ ላይ፣ ቀጥሎ በዕቃው መግቢያ ላይ ቮልቱን በቴስተር መለካት ያስፈልጋል። በ12 ቮልት መኪና ጤነኛ ዲናሞ በባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ያሳያል፤ በዕቃው ላይ ያለው በባትሪው ላይ ከተለካው ከግማሽ ቮልት በላይ ካነሰ፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ዕቃው ኔጋቲቭ ያለውን ለብቻው መለካት ጥፋቱ በመሄጃው ወይም በመመለሻው መሆኑን ይለያል። ከዚያም ዳሽቦርዱ ከመዘጋቱ በፊት መኪናውን ሩብ ሰዓት ያህል ሙሉ ጭነት ላይ አቆይቶ፣ መገጣጠሚያዎቹንና የፊውዝ መያዣዎቹን በእጅ ጀርባ መዳሰስ ነው፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የሞቀው የላላ ስለሆነ ተፈትቶ እንደገና ይጠብቃል።