ፕሬዚዳንቱ ያን ቀን የት ዋሉ? ከደብረ ብርሃን ሆኖ የዋሽንግተንን መዝገብ ማገላበጥ

ደብረ ብርሃን ላይ ቡና ይዛችሁ የጃንሆይን ስም ካነሳችሁ ጨዋታው ምሳ ሰዓት ድረስ ይሄዳል። አንዱ «ኒክሰን እኮ ፊት ነሳቸው» ይላል። ሌላው «ኧረ ቀይ ምንጣፍ ነው ያነጠፈላቸው» ብሎ ይሟገታል። ክርክሩ አያልቅም፤ ሁለቱም የሰሙትን ነው የሚያወሩት። ጃንሆይ ዋሽንግተን በሄዱበት ቀን ግን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ስንት ሰዓት ላይ ከማን ጋር እንደተቀመጡ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆዩ፣ ከዚያ በፊት ለማን እንደደወሉ በደቂቃ ተጽፎ ተቀምጧል። በነፃ ይገኛል። ዋሽንግተን መሄድ አይጠበቅባችሁም። ስልክ፣ ዳታ፣ መዝገብ ለማንበብ የሚበቃ እንግሊዝኛና ትዕግሥት ካላችሁ መሐል ሜዳም ሆናችሁ ሸዋ ሮቢት ይቻላል።

መጀመሪያ ቀን ምረጡ። ፕሬዚዳንት አትምረጡ፣ ቀን! «ስለ ኬኔዲ ላጥና» ብሎ የጀመረ ሰው ወረቀት ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል። እኛን የሚነካ ቀን ደግሞ ሞልቷል። የካቲት 6 ቀን 1937 ጃንሆይና ሩዝቬልት ግብፅ ውስጥ ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በጦር መርከብ ተገናኙ። መስከረም 20 ቀን 1956 ኬኔዲና ባለቤታቸው ዩኒየን ስቴሽን ባቡር ጣቢያ ወጥተው ንጉሡን ተቀበሉ። ሐምሌ 1 ቀን 1961 ኒክሰን ዋይት ሀውስ ተቀበሏቸው፤ ግንቦት 7 ቀን 1965 እንደገና። ደግሞም ማንም እንግዳ ያልመጣበት፣ ግን የሚያጓጓ ቀን አለ፤ መስከረም 2 ቀን 1967። ጃንሆይ ከዙፋን ሲወርዱ ኒክሰንን የተኩት ፕሬዚዳንት ፎርድ ምን ሲሠሩ ዋሉ? በቅሌት ከሥልጣን የለቀቁትን ኒክሰንን ይቅር ካሉ ገና 4ኛ ቀናቸው ነበር፤ አገራቸው በዚያ ጉዳይ ትታመስ ነበር።

አንድ ቀን ያዙ፣ እሱን ጨርሱ።

ከሁቨር ወዲህ ያሉት የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ወረቀታቸው የሚቀመጥበት የየራሳቸው ቤተ መጻሕፍት አላቸው፤ የሚያስተዳድረው የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። የኬኔዲ ቦስተን፣ የጆንሰን ኦስቲን፣ የኒክሰን ካሊፎርኒያ ዮርባ ሊንዳ፣ የፎርድ አን አርበር፣ የካርተር አትላንታ ነው። ከጆንሰን እስከ ካርተር ለመረጣችሁት ቀን የየቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ላይ «ዴይሊ ዳየሪ» የሚለውን ክፍል ፈልጉ። የኬኔዲ የቀጠሮ ደብተር ነው፣ ያን ያህል ዝርዝር አይጠብቁበት። የሩዝቬልትም ቀን በቀን ተለቅሞ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጧል።

ዳየሪ ሲባል ፕሬዚዳንቱ ማታ ማታ ብዕር አንስተው የጻፉት የልብ ወሬ እንዳይመስላችሁ። ሠራተኞች ያጠናቀሩት የውሎ መዝገብ ነው። የስልክ ኦፕሬተሮች የጥሪ ዝርዝር፣ የጥበቃዎቹ የእንቅስቃሴ ማስታወሻ፣ የመኖሪያ ቤቱ አስተናባሪዎች መዝገብ፣ የጸሐፊዋ የቀጠሮ ወረቀት ይሰበሰቡና በመጨረሻ በታይፕ ይመታሉ። እኔ ይህን መዝገብ ከየትኛውም ሚኒስትር ትዝታ አስበልጠዋለሁ። የመሥሪያ ቤት በር ላይ ዘበኛው የሚሞላው ደብተር በሉት፤ ስም፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት። ዘበኛ ራሱን ለማሳመር አይጽፍም።

አሜሪካኖቹ ጥቅሙን ኒክሰንን ከሥልጣን ባስለቀቀው የዋተርጌት ቅሌት አይተውታል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 20 ቀን 1972 ከተቀረጸ ንግግር ላይ 18 ደቂቃ ተኩል ጠፍቶ ሲገኝ፣ በዚያ ሰዓት ከኒክሰን ጋር የነበረው የዋይት ሀውስ ሠራተኞች አለቃ ሃልደማን መሆኑን ያሳየው ማንም ከቁብ የማይቆጥረው የውሎ መዝገብ ነው። ድምፁ ተሰረዘ፣ ሰዓቱ ግን ቀረ።

አሁን ፋይሉን እንክፈት። ግንቦት 7 ቀን 1965ን እንውሰድ፤ በፈረንጅ ሜይ 15 ቀን 1973 ማለት ነው። የኒክሰን መዝገብ በግማሽ ወር በግማሽ ወር ተጠርዟል፣ ስለዚህ የምትፈልጉት ከ1 እስከ 15 የሚለው ፋይል ነው። ቀናችን መጨረሻው ላይ ናት፣ ከመጀመሪያው እያነበባችሁ አትድከሙ። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ስለሆነ ከበድ ይላል። ማታ ኔትወርኩ ቀለል ሲል አውርዱትና ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ መብራት ሲሄድም ታነቡታላችሁ። አንድ ሰው ካወረደው በቴሌግራም ለጓደኞቹ ይላክ፣ ሁሉም ዳታ አይጨርስ።

ፋይሉ ሲከፈት ፊት ለፊት የተወገዱ ገጾች ዝርዝር ሊመጣ ይችላል። ዝም ብላችሁ አትለፉት። የትኛው ገጽ፣ የየትኛው ቀን፣ በምን ምክንያት እንደተነሳ ይናገራል። የእናንተ ቀን እዚያ ውስጥ ካለች ከአሁኑ እወቁት።

ከዚያ ቅጹ ይመጣል። አናቱ ላይ ቀኑ የተጀመረበት ቦታና ዕለቱ። በግራ በኩል «ከ» እና «እስከ» የሚሉ የሰዓት ዓምዶች፣ ቀጥሎ ጠባብ የስልክ ዓምድ፣ በቀኝ ሰፊው የተግባር ዓምድ። የስልክ ዓምዱ ላይ «ፒ» የምትል ፊደል ካለች የደወሉት ፕሬዚዳንቱ ናቸው፣ «አር» ከሆነች ተደውሎላቸው ነው። አጠገቧ ጥሪው የከተማ ይሁን የሩቅ የምትለይ ሌላ ምልክት አለች። ተግባር በሚለው ሥር «ፕሬዚዳንቱ ቁርስ በሉ» ከሚል ጀምሮ ሁሉም አለ። ስልክ ደውለው ያልተገኘ ሰው እንኳ «ጥሪው አልተሳካም» ተብሎ ተመዝግቧል፤ እኔ እነዚህን በጣም እወዳቸዋለሁ፣ ሰውየው በዚያ ሰዓት ማንን እየፈለገ እንደነበር ይነግሯችኋላ። ብዙ ሰው የተገኘበት ስብሰባ ወይም እራት ከሆነ «አባሪ ሀን ተመልከት» ዓይነት ማስታወሻ ታያላችሁ። አባሪው ከቀኑ ገጾች ኋላ ነው። ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ የኛ ባለሥልጣናት ስም የሚገኘው ግን እዚያ ነው።

ስም ላይ እንዳትሸወዱ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ዶክተር ምናሴ ኃይሌን ወይም ጠቅላይ ሚኒስትሩን አክሊሉ ሀብተ ወልድን ስትፈልጉ በአንድ አጻጻፍ ብቻ ፈልጋችሁ «የለም» አትበሉ። አንዱ ጋ ተለያይቶ፣ አንዱ ጋ ተጣብቆ፣ ሌላው ጋ አንድ ፊደል ተጨምሮበት ይመጣል። ስካኑም በደንብ ስለማይፈለግ በዓይን ማየት ይሻላል።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር፣ ሰዓትና ቀን። ዋሽንግተን በበጋ ሰዓታቸው ከኛ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደኋላ ናት። በሜይ ወር መዝገቡ ጠዋት 10:00 ካለ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1974 በነዳጅ ችግር የተነሳ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን በጃንዋሪ 6 ወደፊት አንቀሳቅሰው ነበር። ስለዚህ የካቲት 1966ን፣ ማለትም የአብዮቱን ፍንዳታ ሰሞን የምትሠሩ ከሆነ ልዩነቱ 8 ሳይሆን 7 ነው። ቀኑም ቢሆን ተንኮለኛ ነው። ኦክቶበር 1 አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21 ነው፤ በ1956 ግን ያለፈው ጳጉሜን 6 ስለነበረ መስከረም 20 ላይ ዋለ። የስልክ መቀየሪያ አፕ ብትጠቀሙም አንድ ጊዜ በእጅ አመሳክሩ።

እስካሁን አጥንቱን አገኛችሁ። መዝገቡ ማን ገባ፣ ማን ወጣ ይላል እንጂ ምን ተባለ አይልም። ሥጋውን ከሌላ ቦታ ነው የምታመጡት፤ ሥራውም የሚጥመው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚያሳትመው የውጭ ግንኙነት ሰነዶች ስብስብ ነው፤ ሙሉው ኢንተርኔት ላይ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1976 ያለውን የአፍሪካ ቅጽ ክፈቱ። የውይይት ቃለ ጉባኤዎች እዚያ አሉ። የግርጌ ማስታወሻውን አትናቁ፤ ብዙ ጊዜ «በዕለት ውሎ መዝገቡ መሠረት ስብሰባው ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ነበር» ይላል፣ ዋናው ወረቀት የተቀመጠበትን የሳጥን ቁጥርም ይሰጣል። ያን ቁጥር ጻፉት፣ ኋላ ይጠቅማል።

እዚያው አካባቢ ከስብሰባ በፊት ለፕሬዚዳንቱ የተዘጋጀ ማስታወሻም ታገኛላችሁ። በኒክሰን ጊዜ በአብዛኛው ከብሔራዊ ደኅንነት አማካሪያቸው ከኪሲንጀር የመጣ ነው። «እንዲህ ቢሉ፣ ይህን ቢያነሱ» የሚል ነው። ይህን አንብቦ «ኒክሰን ለጃንሆይ እንዲህ አሏቸው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው። ስህተት ነው። እንዲሉ የተመከሩትንና ያሉትን ለዩ።

ሁለተኛው የፕሬዚዳንቶቹ ይፋዊ ንግግሮች ስብስብ ነው። የእንኳን ደህና መጡ ቃልና የእራት ንግግር እዚያ አለ። ሳንታ ባርባራ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በቀን መፈለግ በሚቻልበት መልኩ አስቀምጦታል። የእራት ላይ ምስጋና ግን ምስጋና ነው፣ ከእሱ ተነስታችሁ ፖለቲካ አትደምድሙ።

ሦስተኛው ድምፅ ነው። የኒክሰን ቢሮ ቀረጻ ከፌብሩዋሪ 1971 እስከ ጁላይ 1973 ሠርቷል። ግንቦት 7 ቀን 1965 በዚያ ውስጥ ይወድቃል፤ የ1961ዱ ጉብኝት ግን አይወድቅም። ቤተ መጻሕፍቱ ለቀረጻዎቹ በሰዓት፣ በተሳታፊና በርዕስ የተከፈለ ዝርዝር አለው። ሰዓቱን ከውሎ መዝገቡ ወስዳችሁ ዝርዝሩ ላይ ትፈልጋላችሁ። ድምፁ ጥሩ አይደለም፤ ኩባያ ሲቀመጥ ከሰው ንግግር በላይ ይሰማል። ጆሮ ላይ የሚሰካ ነገር አድርጉ። የስብሰባ ርዝመትንም ስታዩ ይህን አስቡ፤ እንግዳው በአስተርጓሚ የሚናገር ከሆነ የግማሽ ሰዓት ውይይት ማለት የሩብ ሰዓት ፍሬ ነገር ነው። «ግማሽ ሰዓት ሙሉ አወሩ» ብላችሁ አታጋንኑ።

በዙሪያው ያሉትን ቀናትም እዩ። ኒክሰን ጃንሆይን ከተቀበሉ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሜይ 17፣ የሴኔቱ የዋተርጌት ምርመራ በቴሌቪዥን ተጀመረ። ጃንሆይ በበኩላቸው የሶማሊያ በሶቪየት መታጠቅ እያስጨነቃቸው ነበር። የዚያን ሳምንት የስልክ ዓምድ ከላይ እስከ ታች አንብቡና ፕሬዚዳንቱ ለማን ደጋግመው እንደደወሉ ቁጠሩ። ደብረ ብርሃን ላይ ላለው ክርክር «ፊት ነሳቸው» ከሚለው የተሻለ ማስረጃ እሱ ነው።

መዝገብ የማይነግራችሁ ሌላም አለ። ኬኔዲ ለጃንሆይ እራት ሲያበሉ አስተናጋጇ ባለቤታቸው አልነበሩም፣ እናታቸው ሮዝ ኬኔዲ ነበሩ። የቀጠሮ ደብተር ምክንያቱን አይጽፍም። ጃክሊን በነሐሴ ሕፃን ልጃቸው ሞቶባቸው ነበር፤ ንጉሡን ጣቢያ ላይ ተቀብለው በዚያው ቀን ወደ ግሪክ አመሩ። ይህን የምታገኙት ከፎቶ መግለጫዎችና ከጋዜጣ ነው። ፎቶዎቹን የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት በቀን ከፋፍሎ አስቀምጧል።

ለቅርብ ጊዜ ፕሬዚዳንት ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው ሕግ መሠረት ከሬገን ጀምሮ ወረቀቱ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ሥልጣን ከለቀቁ 5 ዓመት ሲሞላ ማንም ሰው፣ አሜሪካዊ ባይሆንም፣ መጠየቅ ይችላል። አንዳንዱ እስከ 12 ዓመት ሊዘጋ ይችላል። ኦባማ ሐምሌ 2007 አዲስ አበባ ሲመጡ የወጣው የጉብኝት መርሐ ግብር ድረ ገጽ ላይ አለ። እሱ ግን ዕቅድ ነው። ዕቅድና ክንውን በኛ አገር ብቻ አይደለም የሚለያዩት።

የጎደለ ነገር ሲኖር ለቤተ መጻሕፍቱ ኢሜይል ጻፉ፣ ይመልሳሉ። አጭር ይሁን፤ ፕሬዚዳንቱ፣ ቀኑ፣ ከግርጌ ማስታወሻው ያገኛችሁት የሳጥን ቁጥር፣ አንድ ጥያቄ። «ስለ ኢትዮጵያ ያላችሁን ሁሉ ላኩልኝ» ካላችሁ የፍለጋ መመሪያ ሊንክ ልከውላችሁ ይሰናበታሉ።

ስትጽፉት ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፤ ሰዓት፣ የሆነው ነገር፣ ከየት እንደተገኘ። ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ምንም ካልተጻፈ ባዶ ተዉት። «ሳያርፉ አይቀሩም» ብላችሁ አትሙሉት። ሁለት ሰነድ በ5 ደቂቃ ከተለያዩ ሁለቱንም ጻፉ፤ አንዱ የገቡበት፣ ሌላው የተቀመጡበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ የኛን ወገን አምጡ። አዲስ አበባ የወረደ ሰው ካለ ወመዘክር ጎራ ብሎ የዚያን ሳምንት አዲስ ዘመን ያስወጣ። የጃንሆይ ጉብኝት የፊት ገጽ ወሬ ነበር፤ አብረው የሄዱት ሰዎች ስም በትክክለኛው አማርኛ የሚገኘው እዚያ ነው፣ የፈረንጁን አባሪ የምታርሙትም በሱ ነው። የጋዜጣው ቀን ግን የታተመበት እንጂ ነገሩ የተደረገበት አይደለም። ዋሽንግተን ላይ ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት የተበላ እራት አዲስ አበባ ላይ ረቡዕ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ ለሐሙስ እትም ቢደርስ ነው። ስለዚህ የማክሰኞን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ እስከ ዓርብ ያለውን አስወጡ።