የቆየ ስኔር ድራምን ማንነትና ዕድሜ የመለየት ዘዴ፦ የሉድዊግ ድራሞች እንደ ምሳሌ

አንድ የቆየ ስኔር ድራም፣ ማለትም ከታችኛው ቆዳው ሥር ሽቦ የተወጠረበት ከበሮ፣ መቼ እንደተሠራ ማወቅ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚመለከተው በጎኑ ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካ ባጅ ነው። ባጁ ጠቃሚ መረጃ እንደሚሰጥ አይካድም። ይሁን እንጂ ስኔር ድራም በብሎን ተገጥሞ በብሎን የሚፈታ መሣሪያ ስለሆነ፣ በረጅም ዘመኑ ውስጥ ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፍ ሪሙ (ቆዳውን አጥብቆ የሚይዘው ቀለበት)፣ የሽቦ ማላቀቂያው (ሽቦውን ከቆዳው የሚያላቅቀው ዕቃ)፣ የቆዳ መወጠሪያ ብሎኖቹ፣ አንዳንድ ጊዜም ባጁ ራሱ ከሌላ ድራም በመጣ ዕቃ ይተካሉ። ስለዚህ ምርመራው ለመለወጥ ከሚያስቸግረው ክፍል ተነሥቶ በቀላሉ ወደሚለወጠው መሄድ አለበት፤ ይህም ማለት ዋናው ምስክር ሼሉ፣ ማለትም የድራሙ ክብ ገላ ነው፣ የቀሩት ዕቃዎች ደግሞ ሼሉ የሚናገረውን የሚያጸኑ ወይም የሚያጠራጥሩ ተጨማሪ ምስክሮች ናቸው።

ዘዴውን በአንድ ፋብሪካ ምሳሌነት ማሳየት ይሻላልና የቺካጎውን ሉድዊግ መርጫለሁ፤ ድራሞቹ በብዛት የተሠሩና በብዙ አገር የተሰራጩ ከመሆናቸውም በላይ የለውጥ ታሪካቸው በሚገባ የተጠና ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በባጁ ላይ የሚነበበው የድርጅት ስም ብቻውን ዘመኑን በሰፊው ይከፍላል። ዊልያም ኤፍ. ሉድዊግና ወንድሙ ቲዮባልድ ሉድዊግ ኤንድ ሉድዊግ የተባለውን ድርጅት በ1909 ቺካጎ ውስጥ መሠረቱ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ገደማ ድርጅቱ ኮን ለተባለው የሙዚቃ መሣሪያ አምራች ኩባንያ ተሸጦ ሥራው ወደ ኤልክሃርት፣ ኢንዲያና ተዛወረ። ዊልያም ሉድዊግ ከኮን ከወጣ በኋላ በስሙ መጠቀም ስላልቻለ በ1937 ደብልዩ ኤፍ ኤል የሚባል አዲስ ፋብሪካ ከፈተ፤ የቀድሞውን ስም መልሶ የገዛው በ1955 ነው። በ1981 ድርጅቱ ሰልመር ለተባለ ሌላ የሙዚቃ መሣሪያ አምራች ተሸጠ፤ በ1984 ምርቱ ወደ ሞንሮ፣ ሰሜን ካሮላይና ሄደ። ስለዚህ ደብልዩ ኤፍ ኤል የሚል ባጅ ከ1937 በፊት፣ ሞንሮ የሚል ባጅም ከ1984 በፊት ሊኖር አይችልም።

ወደ ሼሉ ለመድረስ ድራሙን ሙሉ በሙሉ መፍታት ያስፈልጋል። ከመፍታትዎ በፊት እያንዳንዱን ጎን ፎቶ ያንሡ፤ የድራም ቁልፍ፣ ካቻቪቴ፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ማግኔትና የወጥ ቤት ሚዛን ያዘጋጁ። ሁለቱን ቆዳዎች ካወረዱ በኋላ የሼሉን ውስጥ በደረቅ ጨርቅ ብቻ በቀስታ ይጥረጉ። በውሃና በሳሙና ማጠብ ወይም መፈግፈግ በቀለም የታተመን ቀን ለዘለዓለም ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ድራሙ ምንም ያህል ቆሻሻ ቢመስል ይህን ከማድረግ ይቆጠቡ።

ሼሉ ብረታ ብረት ከሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ ከምን ዓይነት ማዕድን ተሠራ የሚለው ነው። ማግኔቱ ከተጣበቀበት ሼሉ ከብረት የተሠራ ነው። ካልተጣበቀበት ናስ ወይም አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል፤ እነዚህን ሁለቱን የሚለየው ክብደታቸው ነው፣ የናስ እፍጋት ከአሉሚኒየም ከሦስት እጥፍ በላይ ነውና። ይህ ልዩነት በሉድዊግ ዘንድ ትልቅ የዘመን መለያ ነው። ሱፕራፎኒክ 400 በመባል የሚታወቀው፣ 14 በ5 ኢንች የሆነው፣ ዐሥር መወጠሪያ (የቆዳ መወጠሪያ ብሎን የሚገባበት በሼሉ ጎን ያለ ዕቃ) ያለውና በወገቡ ዙሪያ የወጣ መስመር ያለው ድራም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሼሉ በክሮም ከተለበጠ ናስ ይሠራ ነበር፤ ከ1963 ገደማ ጀምሮ ግን ፋብሪካው ሉዳሎይ ብሎ ወደ ጠራው የአሉሚኒየም ቅይጥ ተዛወረ። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም አንድ ዓይነት የሚያብለጨልጩ ድራሞች ናቸው። ልዩነታቸው የሚታወቀው በሚዛን ላይ፣ በሼሉ ጠርዝ ወይም በብሎን ቀዳዳ ዙሪያ ክሮሙ በሳሳበት ቦታ ቢጫ ሆኖ በሚታየው የናስ ቀለም፣ እንዲሁም በክሮሙ ሁኔታ ነው፤ ክሮም በአሉሚኒየም ላይ በደንብ ስለማይያዝ ሉዳሎይ ሼሎች ከጊዜ በኋላ በትናንሽ ጉድጓዶች ይበሳሉ፣ ክሮሙም ይላላጣል። ብዙ ገዢዎች ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን የድራሙን ማንነት የሚያረጋግጥ ሐቀኛ ምልክት አድርጌ እመለከተዋለሁ፣ ድምፁንም ያን ያህል አይጎዳውም። ስምንት መወጠሪያ ያለውና ሼሉ ክሮም ያልተቀባ፣ የተፋቀ የሚመስል ግራጫ አሉሚኒየም የሆነውን ድራም ካገኙ ደግሞ ለተማሪዎች ታስቦ የተሠራው አክሮላይት ነው።

ሼሉ እንጨት ከሆነ ምስክርነቱ ይበልጥ ግልጽ ነው። በእጅ ባትሪ ውስጡን ሲመለከቱ ነጭ ቀለም ካዩ ድራሙ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወይም ከዚያ በፊት መሆኑን ይገምቱ። ግራጫ መደብ ላይ ነጠብጣብ ያለበት ሽፋን ካዩ ከ1962 ገደማ እስከ 1968 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ቀለም የሌለው፣ የሜፕሉ እንጨት በቫርኒሽ ብቻ የሚታይበት ከሆነ ደግሞ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ከዚህ ጋር የሼሉን ጠርዝ አተኩረው ይመልከቱ። የቀደሙት ሦስት ንብብር እንጨት ኖሯቸው ከላይና ከታች በውስጥ በኩል ማጠናከሪያ ቀለበት ተጨምሮላቸዋል፤ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ግን ፋብሪካው ቀለበት ወደሌለው ስድስት ንብብር ሼል ተሸጋገረ። በተለይ በ1960ዎቹ በተሠሩ የእንጨት ሼሎች ውስጥ ወርን፣ ቀንንና ዓመትን የያዘ የቀለም ማኅተም ይገኛል። ከሁሉም ማስረጃ የላቀው ይኸው ነው፤ ነገር ግን ማኅተሙ የተመታው ሼሉ በተሠራ ጊዜ እንጂ ድራሙ ተገጣጥሞ በወጣበት ቀን ስላልሆነ፣ በማኅተሙና ድራሙ ለገበያ በቀረበበት ጊዜ መካከል ወራት ሊያልፉ እንደሚችሉ ማሰብ ይገባል።

አሁን ወደ ባጁ መመለስ ይቻላል። በ1960 ገደማ ሥራ ላይ የዋለው የኪስቶን ባጅ፣ ማለትም የቅስት አናት ድንጋይ ቅርጽ ያለው ባጅ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተከታታይ ቁጥር አልነበረውም፤ ቁጥር መታተም የጀመረው በ1963 መገባደጃ ነው። ቁጥር የሌለው ኪስቶን ከዚያ በፊት፣ ቁጥር ያለው ከዚያ በኋላ መሆኑ በደንብ የተረጋገጠ መለያ ነው። በ1969 ኪስቶኑ በሰማያዊና በወይራ አረንጓዴ ቀለም በተሠራ፣ ማዕዘኖቹ ሹል በሆኑ ባጅ ተተካ፤ ማዕዘኖቹ የተሞረዱት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው።

በቁጥሩ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የካቲት 9 ቀን 1964 ቢትልሶች በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሲቀርቡ ሪንጎ ስታር በሉድዊግ ድራም ይጫወት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ፍላጎት ፋብሪካውን በሥራ አጥለቅልቆታል። ሠራተኞች ባጆቹን ከሣጥን እያነሡ ይለጥፉ የነበሩት በቁጥር ቅደም ተከተል አልነበረም፤ በዚህም ምክንያት አንድ ዓይነት የቀን ማኅተም ያላቸው ድራሞች በጣም የተራራቁ ቁጥሮች ይዘው ይገኛሉ። ከቁጥር ሰንጠረዥ ላይ አንድን ወር ነጥሎ «ይህ ድራም የዚህ ወር ነው» ማለት ስለዚህ ከማስረጃው አቅም በላይ ነው፤ ቁጥሩ የሚሰጠው ግምታዊ የዓመታት ክልልን ነው።

የተገጣጠሙ ዕቃዎች የዘመን ምልክት የሚሆኑት በእርግጥም ከሼሉ ጋር አብረው የመጡ ከሆኑ ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ እያንዳንዱን ዕቃ ፈትተው ከሥሩ ያለውን ይመልከቱ። ለዘመናት ሳይነቀል የቆየ ዕቃ ከሥሩ የራሱን ቅርጽ አሻራ ይተዋል፣ የሼሉ ሽፋንም ብርሃን ስላላገኘው እዚያ ቦታ ላይ የመጀመሪያ ቀለሙን እንደያዘ ይገኛል፤ በተለይ ነጭ የፐርል ሽፋን በውጭ በኩል ወደ ቢጫነት ሲለወጥ ከዕቃው ሥር ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ተደፍኖ የቀረ ትርፍ ቀዳዳ ካለ ሌላ ማላቀቂያ ወይም የድምፅ ማፈኛ ተገጥሞ እንደነበረ ያሳያል። በ1960ዎቹ የተለመደው የሽቦ ማላቀቂያ ፒ-83 ሲሆን ፒ-85 የመጣው በ1970 ገደማ ነው፤ በኪስቶን ድራም ላይ ፒ-85 ካገኙ የቀዳዳዎቹን ዙሪያ በጥንቃቄ ይመርምሩ። ሪሞቹንም በማግኔት ይፈትኑ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሪሞቹ ከናስ ይሠሩ ስለነበር ማግኔት አይይዛቸውም፣ በኋላ የመጡት የብረት ሪሞች ግን ይይዙታል። መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር፣ አዲስ አበባን ጨምሮ፣ ለዓመታት ሲሠራበት የኖረ ድራም በአካባቢ ብረት ሠሪ የተበጀ ዕቃ ሊኖረው ስለሚችል፣ እንዲህ ባለው ድራም ላይ ከሁሉ ይልቅ ለሼሉ ቃል ቅድሚያ መስጠት ተገቢ ነው።

ከሉድዊግ ውጭ ያሉትንም በተመሳሳይ መንገድ መመርመር ይቻላል። ግሬች ከሆነ ውስጡ በብርማ ቀለም መቀባቱን ይመልከቱ፤ ክብ ባጁ በ1971 ገደማ በስምንት ማዕዘን ባጅ ተተክቷል። ስሊንገርላንድ ላይ የተጻፈው ከተማ ቺካጎ ወይም ናይልስ መሆኑ ይመዝናል፤ ቺካጎ የሚለው ቀዳሚው ነው፣ ሬዲዮ ኪንግ የተባለውን ድንቅ ሞዴል ደግሞ ከአንድ ወጥ የሜፕል ጣውላ የተጠቀለለው ሼሉ ያስታውቀዋል።

ከፍተኛ ዋጋ ስለሚያስከፍለው የሉድዊግ ሞዴል፣ ብላክ ቢዩቲ፣ ለብቻው ማውሳት ያስፈልጋል። በ1920ዎቹ የተሠራው ከሁለት የናስ ክፍሎች የተገጠመ፣ በጥቁር ኒኬል የተለበጠና በእጅ የተቀረጸ ሲሆን መወጠሪያዎቹ ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው። በ1970ዎቹ እንደገና የወጣው ግን ወጥ ሼልና ኢምፔሪያል የሚባለውን ወፈር ያለ መወጠሪያ የያዘ ነው። ሁለቱም ናስ ስለሆኑ ማግኔት አይለያቸውም፤ መወጠሪያውና የሼሉ አሠራር ግን ይለያቸዋል።

ሁሉም ማስረጃ ከተሰበሰበ በኋላ ከሼሉ ጋር አብረው እንደነበሩ የተረጋገጡትን ብቻ ይውሰዱና ከእነርሱ መካከል ዘግይቶ ሥራ ላይ የዋለውን ይፈልጉ፤ ድራሙ ከዚያ ዕቃ ዘመን ቀድሞ ተገጣጥሞ ሊሆን አይችልም። ለምሳሌ ሼሉ 1966 የሚል ማኅተም ኖሮት፣ ግራጫ ነጠብጣብ ሽፋኑና የኪስቶን ባጁ ቁጥር ካለበት፣ አሻራው ያልተዛባ ፒ-83ም ከተገኘበት የ1966 ወይም የ1967 ድራም ነው ብሎ መጻፍ ይቻላል። ባጁ ብቻ ካለ ግን ውጤቱ ሰፋ ያለ ዓመታትን የሚሸፍን መሆን አለበት። ድራሙን ለሽያጭ የሚያቀርቡ ከሆነ ማኅተሙን፣ የሼሉን ውስጥ፣ የጠርዙን ንብብርና የተተኩትን ዕቃዎች በሙሉ ፎቶ አንሥተው ያሳዩ፣ የትኛው ተተክቷል የትኛውስ አልተተካም ብለውም በጽሑፍ ያስታውቁ፤ በባጅ ብቻ ዓመት ቆርጦ መሸጥ ገዢውን መበደል ነው። መልሰው በሚገጥሙበት ጊዜ የወለቁትን የቀድሞ ብሎኖች ለአዲስ አይለውጡ፣ የቆየውንም ክሮም በማንጸባረቂያ ኬሚካል አይፈትጉ።